የመጨረሻው ትዕይንት የማን ነው? አማተር ቴአትር ከቀበሌ አዳራሽ እስከ አሞራ ገደል

አማተር ቴአትር ተዋናዮቹ በሌላ ሥራ እንጀራቸውን የሚበሉበት፣ ተመልካቹም ጎረቤታቸው የሆነበት ቴአትር ነው። የኢትዮጵያ ዘመናዊ ተውኔት የተወለደው ከዚሁ ነው። ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የአውሬዎቹን ኮሜዲያ «ፋቡላ»ን ሲጽፉ በአገሩ ሙያተኛ የተዋንያን ቡድን አልነበረም። ከዚያም በኋላ ለዓመታት መድረኩን የያዙት እንደ ዮፍታሔ ንጉሤ ያሉ መምህራንና ተማሪዎቻቸው ናቸው። ሀገር ፍቅር የተቋቋመው በ1927 ነው፤ የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር ደግሞ በ1948 ተከፈተ።

ከ1967 ወዲህ ቀበሌዎች ሲመሠረቱ የኪነት ቡድን በየቀበሌው፣ በየፋብሪካውና በየገበሬ ማኅበሩ ተስፋፋ። ሙዚቃ፣ ግጥምና አጭር ድራማ በአንድ ምሽት ይቀርቡ ነበር። መድረክ አይቶ የማያውቅ ወጣት ድምፁን ማውጣትና ሕዝብ ፊት መቆም የተማረው እዚያ ነው፤ ይህ ውለታ ሊዘነጋ አይገባም። ጉድለቱ ግን ከባድ ነበር። ልምምድ ሳይጀመር የድራማው መጨረሻ ይታወቃል፤ ጨቋኙ ይወድቃል፣ ጭቁኑ ይነሣል፣ መዝሙር ይዘመራል። ተዋናዩ የሚለማመደው ወደ ተቆረጠ ውሳኔ የሚወስደውን መንገድ ብቻ ነበር።

በ1990ዎቹ የፀረ ኤድስ ክበባት ድራማ ሲስፋፋ መፈክሩ በጤና መልእክት ተተካ እንጂ አሠራሩ ብዙም አልተለወጠም። በሐዋሳ የተመሠረተው ዋን ላቭ የተሰኘው ቡድን የሰርከስ ትርኢትን ከድራማ ጋር አዋሕዶ ስለ ኤችአይቪ ያስተምር ነበር። አካሉን የሚገለብጥና በጓደኛው ትከሻ ላይ የሚቆም ልጅ ማይክሮፎን ሳያስፈልገው ሰው ይሰበስባል። ለደጅ ቴአትር ይህ ትልቅ ትምህርት ነው፤ መጀመሪያ ዓይን ይያዛል፣ ጆሮ በኋላ ይመጣል።

የመጨረሻውን ትዕይንት ለመንደሩ የተወው የኬንያው የካሚሪዙ መንደር ቴአትር ነው። ንጉጊ ዋ ቲዮንጎና ንጉጊ ዋ ሚሪ እ.ኤ.አ. በ1977 በሊሙሩ አቅራቢያ በኪኩዩኛ ያዘጋጁት ተውኔት ልምምዱ በይፋ ይካሄድ ነበር። ገበሬውና የፋብሪካው ሠራተኛ ንግግሩን እያረመ፣ ዘፈኑን እያስታወሰ፣ ሁለት ሺህ ሰው የሚይዘውን ደጃዊ መድረክም በገዛ ጉልበቱ ሠራ። ተውኔቱ በዚያው ዓመት ታገደ፣ መድረኩም እ.ኤ.አ. በ1982 ፈረሰ። ይሁንና ድርሰቱ በልምምድ ላይ የታረመ መሆኑ ለአማተር ቡድን ዕቅድ ትልቁ ምሳሌ ሆኖ ይኖራል።

የሐዋሳው የዓሣ ገበያ አሞራ ገደል እንዲህ ያለውን ሥራ የሚጠይቅ ቦታ ነው። ማለዳ ጀልባዎቹ ከሐይቁ ሲመለሱ ቆሮሶና አምባዛ ዳር ላይ ይራገፋል። ወጣቶች በቢላ ቆዳውን ገፈው ሥጋውን ሲለዩ፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ወፎች እንደ ሽማግሌ ትከሻቸውን ሰብሰብ አድርገው የሚጣልላቸውን ይጠብቃሉ። ጥሬ ዓሣ በዳጣ የሚበላው አንድ ወገን ሲቆም፣ ዋጋ የሚከራከረው ሌላ ወገን ይዟል። ቴአትሩ ሳይመጣ ክርክሩ፣ ግብይቱና ገጸ ባሕሪው አለ።

እዚህ ተውኔት የሚያቅድ የሰፈር ቡድን ከአዳራሽ ልማድ ብዙ መጣል ይኖርበታል። ቆሞ የሚያይ ሰው ሲሰለች ይሄዳል፤ ስለዚህ ትዕይንቱ አጭር፣ ቃለ ተውኔቱ የተመጠነ፣ ተዋናዩም ነጠላውን ከትከሻ ወደ ራስ በማዛወር ብቻ ከነጋዴነት ወደ እናትነት የሚሻገር መሆን አለበት። ጊዜውም መመረጥ አለበት። በሁዳዴ ዓሣ ፈላጊው ስለሚበዛ ሕዝቡ ሙሉ ነው፤ ሥራ ያልጨረሰ ዓሣ አጥማጅን ለልምምድ መጥራት ግን ያኔ አይቻልም። ስለዚህ ልምምዱ ከጾሙ በፊት ማለቅ ይገባዋል። ክረምቱ ደግሞ መድረኩን ራሱን ያጥባል።

ቋንቋው ከሁሉ በላይ ይመዝናል። በገበያው ሲዳሙ አፎ፣ አማርኛና ወላይትኛ ይሰማሉ። ተውኔቱ በአማርኛ ብቻ ቢዘጋጅ የገበያው ግማሽ ነፍስ ይቀራል፤ ሁሉንም ለመተርጎም ቢሞከርም ትዕይንቱ ይጎተታል። የተሻለው ገጸ ባሕሪያቱ በገበያው እንደሚነጋገሩት እንዲነጋገሩ፣ ያልገባውን ደግሞ አጠገቡ የቆመው እንዲያስረዳው መተው ነው። ያ ሹክሹክታ የተመልካቹ ተሳትፎ መጀመሪያ ነው።

ጭብጥ ለመፈለግም ሩቅ መሄድ አያሻም። ዓይኑ ጠባብ የሆነ መረብ ገና ያላደገውን ቆሮሶ ጭምር ያወጣል፤ የሐይቁም ምርት ይመናመናል። መረቡን የጣለው አባት ዛሬ ልጁን ማብላት አለበት፣ ልጁም ነገ ሐይቅ ያስፈልገዋል። በኪነት ልማድ ጥፋተኛው ተጋልጦ መጋረጃ ይዘጋ ነበር። በብራዚላዊው አውጉስቶ ቦአል የፎረም ቴአትር አሠራር ግን ጨዋታው አባትየው መረቡን ሊጥል እጁን ሲያነሣ ይቆማል። ከተመልካቹ መካከል አንዱ ወደ መጫወቻው ገብቶ የአባትን ቦታ ይይዛል፤ የልጁም ተዋናይ የነገውን ሐይቅ ጥያቄ እንደ አዲስ ይጠይቀዋል።