ምስክር እንጂ ዋስ ያልነበረው እርቅ

ሥልጣንም ጦርም የሌለው አስታራቂ በምን ሚዛን ይመዘናል? ስለ ደቡብ ሱዳን የ1972 ዓ.ም. እርቅ (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ሁለት ዓይነት ፍርድ ይሰማል። አንደኛው የፊርማውን ቀን ብቻ አይቶ ያመሰግናል፤ ሁለተኛው ኋላ የተመለሰውን ጦርነት ብቻ አይቶ ድካሙን ከንቱ ይለዋል። ሁለቱም ጎደሎ ናቸው።

በ1955 ዓ.ም. በቶሪት በተነሣው የወታደሮች ዐመፅ የተጀመረው ጦርነት ከዐሥራ ስድስት ዓመት በላይ ቈይቶ ነበር። በ1971 ዓ.ም. የዓለም አብያተ ክርስቲያናት ጉባኤና የመላ አፍሪካ አብያተ ክርስቲያናት ጉባኤ መልእክተኞች በካርቱም መንግሥትና በደቡብ ተዋጊዎች መካከል ገቡ። በየካቲት 1972 ዓ.ም. ሁለቱ ወገኖች በአዲስ አበባ ሲገናኙ ንግግሩን የመሩት ላይቤሪያዊው ቄስ በርጌስ ካር ነበሩ። የሠራዊቱ ነገር ባስቸገረ ጊዜ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በመካከል ገቡ፤ በደቡብ ከሚሰፍረው 12,000 ወታደር 6,000ው የደቡብ ተወላጅ እንዲሆን ተወሰነ። ውሉም በየካቲት መጨረሻ ተፈረመ።

የአስታራቂዎቹ ድካማነት እዚህ ላይ ኀይል ሆኗቸዋል። መንግሥት በሌላ መንግሥት አማካይነት ከዐመፀኛ ጋር ቢነጋገር ባላንጣውን እኩያው እንዳደረገ ይቈጠርበታል፤ በቤተ ክርስቲያን ሰዎች ፊት ቢነጋገር ግን ክብሩ አይነካም። ከዚህ የተገኘው ዐሥራ አንድ ዓመት ሰላም ስንት ሕይወት እንዳተረፈ ለሚያስብ ሰው ከንቱ ሊባል አይችልም።

ጉድለቱ ያለው ከፊርማው በኋላ ነው። በኢትዮጵያ ገጠር ደም የተቃቡ ሰዎችን የሚያስታርቁ ሽማግሎች ካሳ ቈርጠው ብቻ አይነሡም፤ ያስምላሉ፣ ዋስም ያስጠራሉ። ምስክር የሆነውን ይናገራል፤ ዋስ ግን ለሚሆነው ይጠየቃል። የአዲስ አበባው ውል የንጉሠ ነገሥቱና የአብያተ ክርስቲያናቱ እንደራሴዎች በምስክርነት ፈርመውበታል። ዋስ ግን አልነበረውም። ንጉሠ ነገሥቱ በ1974 ዓ.ም. ከዙፋን ወረዱ፤ የአብያተ ክርስቲያናቱም ድካም ስደተኛውን ወደ ማቋቋም ዞረ።

በጽሑፍ ረገድ ውሉ የጠነከረ ነበር። የደቡቡን አስተዳደር ሕግ ለመለወጥ የብሔራዊው ሸንጎ ሦስት አራተኛ ድምፅና የደቡብ ሕዝብ ሁለት ሦስተኛ ፈቃድ ያስፈልግ ነበር። በሰኔ 1983 ዓ.ም. ግን ፕሬዚዳንት ጃዕፋር ኒሜሪ ይህን ሁሉ ትተው ደቡቡን በትእዛዝ ለሦስት ከፈሉት። የቀድሞው የተዋጊዎች መሪ ጆሴፍ ላጉ ሳይቀሩ ክፍፍሉን ደግፈው ነበርና፣ ጠቡ በደቡብ ሰዎች መካከልም ገብቶ ነበር። በግንቦት በቦር የተነሣው ዐመፅ ወደ አዲስ ጦርነት አመራ፤ እስከ 2005 ዓ.ም.ም ዘለቀ። የመንግሥቱን መልእክተኞች በአዲስ አበባ የመሩት አቤል አሊየር በ1990 ዓ.ም. ላሳተሙት መጽሐፍ በርእሱ ያነሡት የተሻሩትን ውሎች ብዛት ነው።

ቤተ ክርስቲያን ኒሜሪን በምን ታስገድድ ነበር የሚል ይኖራል። የመንደሩም ዋስ ጦር የለውም። የሚያስፈራው የተበደለው ሰው ወደ ደጁ ሄዶ «ቃልህ የት ደረሰ?» ብሎ ሊጠይቀው ስለሚችል ነው። በ1983 ዓ.ም. የደቡብ ሰው እንዲህ ብሎ የሚጠይቅበት ደጅ አላገኘም። ስለዚህ አስታራቂ በፊርማው ቀን ከመመስገኑ በፊት፣ ሲሄድ ማንን ዋስ አድርጎ እንደሄደ ሊጠየቅ ይገባል።