ቹንህያንግ ታልቅስ ወይስ ትሟገት?

ሰሞኑን በማደሪያችን አንድ ክርክር ተነሥቶ ነበር። ደቡብ ኮሪያዊው ዳይሬክተር ኢም ክዎንቴክ እ.ኤ.አ. በ2000 የሠራውን «ቹንህያንግ» የተባለ ፊልም ተሰብስበን አይተን ስናበቃ፣ አንዱ ጓደኛችን «ይሄማ ለሙዚቃዊ ቴአትር የተፈጠረ ነው። ፍቅር አለው፣ መለያየት አለው፣ መጨረሻውም ያምራል። ዘፈን መጨመር ብቻ ነው የቀረው» አለ። አንዷ ደግሞ ቀበል አድርጋ «ባሏን ስትጠብቅ የምትገረፍ ሴት ታሪክ ዛሬ ለማን ይበጃል?» አለችው። የሁለቱም አባባል እስካሁን ይከነክነኛል። ይህን ሂስ ያስጻፈኝም እሱ ነው።

ታሪኩን ለማያውቅ ባጭሩ ላውጋ። ናምዎን በተባለች ከተማ የአገረ ገዢው ልጅ ሞንግርዮንግ በዳኖ በዓል ቀን ቹንህያንግን ዥዋዥዌ ስትጫወት አይቶ ይወዳታል። እናቷ ዎልሜ ጊሴንግ፣ ማለትም ሹማምንትን በዘፈንና በጭፈራ የምታጫውት ሴት ነበረች። ሁለቱ በስውር ይጋባሉ። ወዲያው አባትየው ወደ መናገሻው ከተማ ይዛወርና ልጁም አብሮ ይሄዳል። አዲሱ ሹም ብዮን ሃክዶ ቹንህያንግን «የጊሴንግ ልጅ ነሽና አገልግይኝ» ይላታል። እምቢ ስትል ያስገርፋታል፣ ያስራታል። ሞንግርዮንግ ፈተናውን አልፎ የንጉሡ ስውር መርማሪ ይሆናል። የለማኝ ልብስ ለብሶ ይመጣና በሹሙ የልደት ግብዣ ላይ ማንነቱን ይገልጣል።

ለመጀመሪያው ጓደኛችን መልሴ ይህ ነው፦ ዘፈን መጨመር ብሎ ነገር የለም። ታሪኩ ዘፈን ሆኖ ነው የኖረው። ፓንሶሪ ይባላል። አንድ ዘፋኝ ማራገቢያ ይዞ ይቆማል፣ አንድ ከበሮ መቺ ከጎኑ ይቀመጣል፣ በቃ። ዘፋኙ አንዴ ያወራል፣ አንዴ ያዜማል። ከበሮ መቺውና ታዳሚው በመሃል እየጮኹ ያበረቱታል። አዝማሪ ፊት ተቀምጦ ግጥም የሰጠ ሰው ነገሩ ይገባዋል። ሙሉው «ቹንህያንግ» እስከ 8 ሰዓት ሊፈጅ ይችላል። ስለዚህ የቴአትር ሰው ዋና ጭንቀት ምን ልጨምር ሳይሆን ምን ልተው ነው።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚበላሸው። ብዙ ጊዜ የሚቀረው የፍቅሩ ዘፈንና እንባው ነው። የግርፋቱን ዘፈን ግን ልብ እንበል። ቹንህያንግ ዱላው ባረፈባት ቁጥር ከዚያው ቁጥር ድምፅ የሚነሣ መልስ ትሰጣለች። አንድ ሲባል በ«አንድ» ጀምራ ልቧ አንድ መሆኑን፣ ሁለት ሲባል በ«ሁለት» ጀምራ ለሁለት ባል እንደማታድር ትናገራለች። ቆጣሪው ቅጣት ይቆጥራል፣ እሷ ነጥብ ታስቆጥራለች። ታዲያ ይህ ልቅሶ ነው? ይህ ሙግት ነው እንጂ! ሙዚቃዊ ቴአትር መብራቱን አደብዝዞ፣ ቫዮሊኑን አስለቅሶ፣ ወደ ሐዘን ዜማ ከለወጠው ልጅቷን ዳግመኛ አስገረፋት ማለት ነው። እኔ ብሆን በዚያ ትዕይንት ኦርኬስትራውን ጸጥ አሰኝቼ ከበሮውን ብቻ አስቀር ነበር።

ለሁለተኛዋ ጓደኛችንም መልሱ እዚሁ አለ። የጊሴንግ ልጅ በእናቷ መደብ ትቆጠር ነበር፤ ሹም ሲጠራት እምቢ የማለት መብት አልነበራትም። ለአንድ ባል መታመን ለባላባት ሚስት የተጫነ ግዴታ ነው። ለቹንህያንግ ግን የተከለከለችው መብት ነው። ቃሉ አንድ ዓይነት ቢሆንም ከማን አፍ እንደወጣ መታየት አለበት። «እኔም መርጫለሁ፣ እኔም ሰው ነኝ» ማለቷ ነው። ይህን ያላሳየ ዝግጅት የጓደኛችንን ወቀሳ ቢቀምስ አይፈረድበትም።

ሌላው ችግር የድምፅ ክፍፍል ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ቻንግጉክ የተባለው የኮሪያ ዜማዊ ቴአትር ሲወለድ፣ አንዱ ዘፋኝ ብቻውን የሚይዛቸው ገጸ ባሕርያት ለብዙ ተዋንያን ታደሉ። ትርፉ ግልጽ ነው፤ መድረኩ ሞቀ። ኪሳራውም አለ። በፓንሶሪ የሹሙ ቁጣና የልጅቷ እምቢታ ከአንድ ጉሮሮ ስለሚወጡ ታዛቢ አለ፤ ዘፋኙ ሹሙን እየሆነ ይፈርድበታል። ለብቻው ተዋናይ ሲሰጠው ግን ሹሙ በቀላሉ የሚሳቅበት ሆዳም ሆኖ ሊቀር ይችላል። ኢም ክዎንቴክ ይህን የተረዳ ይመስለኛል። የፓንሶሪውን ዘፋኝ የቾ ሳንግህዮንን ድምፅ በምስሉ ላይ አስኪዶ፣ ዘፋኙን ከነታዳሚው በፊልሙ ውስጥ አሳይቶናል። መድረክም ቢሆን ተራኪውን ማባረር የለበትም።

ስለ መጨረሻው አንድ ነገር ልበል። መርማሪው ማንነቱን ከመግለጡ በፊት ቹንህያንግን «ለእኔስ እሺ አትዪም?» ብሎ ይፈትናታል። አንገቷን እንደደፋች እሱንም እምቢ ትላለች። እውነቱን ለመናገር ይህ ያናድደኛል፤ ያን ሁሉ ዱላ የቆጠረች ሴት ሌላ ፈተና ምን ያደርግላታል? ቢሆንም ትዕይንቱ ይውጣ አልልም። እምቢታዋ ብዮንን በመጥላት ብቻ የመጣ እንዳልሆነ፣ የትኛውም ሹም ቢጠይቃት ያው እንደሆነ የሚያረጋግጠው እሱ ነው። አዘጋጁ ግን ወደ መዝጊያው የኅብረት ዘፈን አይሩጥብን። ቀና ብላ ባሏን ካየችበት ቅጽበት በኋላ ትንሽ ዝም ትበል። በዚያ ዝምታ ውስጥ ደስታ ብቻ አይደለም ያለው፤ ቅያሜም ሊኖር ይችላል። ተመልካቹም ከማጨብጨቡ በፊት ይህን ያስብበት።

የማይስማማኝ ካለ ብዕሩን ያንሣ። ማደሪያ ውስጥ ከመጮህ እዚህ ገጽ ላይ ብንሟገት ይሻላል።