ስፌቱን ገልብጦ ማየት

መርካቶ ውስጥ ልብስ የሚያውቅ ገዢ በመልኩ ብቻ አይከፍልም፤ ገልብጦ ስፌቱን ያያል። ከልክ ያለፈ ውፍረትና ሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታ ላለበት ሰው የሚሠሩት ሁለቱ ዋና ቀዶ ሕክምናዎች፣ ስሊቭና ባይፓስ፣ እንዲህ ባለ ዓይን ሊታዩ ይገባቸዋል። ከውጭ ልዩነታቸው አይታወቅም፤ ሁለቱም ሆድ ላይ ጥቂት ትናንሽ ጠባሳ ትተው ያልፋሉ።

የስሊቭ ውበት ቁጥብነቱ ነው። ስፋቱ ብዙ ጊዜ 12 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ ቱቦ በአፍ በኩል ወደ ጨጓራ ይወርዳል። ሐኪሙ እሱን ልክ አድርጎ ጨጓራውን ከታች ወደ ላይ በስቴፕለር ይከፍለዋል፤ መሣሪያው ግራና ቀኙን በጥቃቅን የቲታኒየም ሽቦዎች ረድፍ እየሰፋ መሃሉን ይቆርጣል። ከጨጓራው 80 በመቶ ያህሉ ይወጣል፣ የረሃብ ሆርሞን በብዛት የሚመነጭበት የላይኛው ክፍል ጭምር። እጅ የሚፈተነው ጨጓራው በሚታጠፍበት ቦታ ነው፤ እዚያ ካጠበበው ምግብ አላልፍ ይላል። ከምግብ ቧንቧው ሥር ደግሞ እጅግ ከተጠጋ ስፌቱ ሊያፈስ ይችላል። የት ማቆም እንዳለበት የሚያውቅ እጅ ያስደስተኛል።

ባይፓስ ግን ከዚህ የረቀቀ ነው። ከጨጓራው አናት 30 ሚሊ ሊትር ያህል የሚይዝ ከረጢት ይለያል። ትንሹ አንጀት ተቆርጦ አንዱ ጫፍ ወደ ላይ ይሳብና ከከረጢቱ ጋር ይጋጠማል፤ ሐሞትና የቆሽት ፈሳሽ የሚያመጣው ሌላኛው ጫፍ ብዙ ጊዜ ከ1 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ ይቀጠላል። የተሳበው አንጀት መወጠርም መጠምዘዝም የለበትም፤ አለዚያ ደሙ ይቋረጣል። ከሁሉ የማደንቀው የመጨረሻውን ሥራ ነው፦ ከአንጀቱ ጀርባ የቀሩት ክፍተቶች፣ ከዓመታት በኋላ አንጀት ሾልኮ እንዳይታነቅባቸው፣ አንድ በአንድ ተሰፍተው ይዘጋሉ። ይህን ስፌት ታካሚው በሕይወቱ አያየውም።

ይህ ሁሉ ልፋት ስኳሩ ላይ ይታያል። ኖርዌይ ውስጥ በቶንስበርግ 109 ታካሚዎች በዕጣ ለሁለት ተከፍለው ነበር፤ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2019 ታተመ። ከአንድ ዓመት በኋላ ያለ መድኃኒት ስኳራቸው የተስተካከለላቸው በባይፓስ 74፣ በስሊቭ 47 በመቶ ነበሩ። ከባይፓስ በኋላ ስኳር ክብደት ገና ሳይቀንስ በቀናት ውስጥ መውረድ ይጀምራል፤ አንዱ ምክንያት ምግቡ ቶሎ ወደ ታችኛው አንጀት ሲደርስ ኢንሱሊንን የሚያነሳሳ ሆርሞን በብዛት መለቀቁ ነው።

ስለዚህ ስኳሩ ለጠናበት ሰው፣ ክትትሉን እስከቻለ ድረስ፣ እኔ ባይፓስን እመርጣለሁ። ስሊቭ ቃር ሊያመጣ ወይም ሊያብስ ይችላል፤ ባይፓስ ደግሞ ብረት፣ ካልሲየምና ቫይታሚን ቢ12 ወደ ሰውነት መግባቱን ይቀንሳል። ቢ12 የሚገኘው ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል ነው። ራጉኤልን የሚሳለም የመርካቶ ነጋዴ ሁዳዴን 55 ቀን እነዚህን ሁሉ ትቶ ይጾማል። እንዲህ ያለው ሰው ጾሙን ለሐኪሙ አስቀድሞ ይንገር፤ ቢ12ን ዕድሜ ልኩን በክኒን ወይም በመርፌ ይውሰድ፣ ደሙንም በየጊዜው ያስመርምር፤ የብረትና የካልሲየም ክኒኑን ደግሞ በተለያየ ሰዓት ይዋጥ፣ አንዱ የሌላውን መግባት ይከለክላልና።