ተፎካካሪዎች የሚማማሩበት ማኅበር፦ «ሪጅናል አድቫንቴጅ» ሲመረመር

የካሊፎርኒያው ሲሊከን ቫሊና ቦስተንን የሚከበው ሩት 128 ሁለቱም በታላላቅ ዩኒቨርሲቲዎችና በመከላከያ በጀት ያደጉ የኤሌክትሮኒክስ አካባቢዎች ናቸው። ታዲያ በ1980ዎቹ ሁለቱንም ቀውስ ሲመታቸው ሲሊከን ቫሊ አገግሞ ሩት 128 ለምን ደከመ? አናሊ ሳክሰኒያን በ1994 (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ባሳተሙት በዚህ መጽሐፍ መልሱን የሚፈልጉት ኩባንያዎች እርስ በርስ ባላቸው ግንኙነት ውስጥ ነው።

አወቃቀሩ ንጽጽራዊ ነው፤ ስልቱም ከሁሉ በላይ የሚሠምረው ኩባንያን ከአቻው ጋር ሲያቆም ነው። የማሳቹሴትሱ አፖሎ በ1980 ተመሥርቶ የዎርክስቴሽንን ገበያ ቀድሞ ቢከፍትም የራሱን ዝግ ሥርዓት ሙጭጭ አለ። በ1982 በሲሊከን ቫሊ የተመሠረተው ሰን ደግሞ ዩኒክስ የተባለውን ክፍት የኮምፒውተር ሥርዓት ይዞ፣ ክፍሎቹን ከሌሎች እየገዛ አለፈው። አፖሎ በ1989 ለሂውሌት ፓካርድ ተሸጠ። ደራሲዋ ይህን ሲተርኩ ቋንቋቸው ቁጥብ ነው፤ ማስረጃው ይቀድማል፣ ንድፈ ሐሳቡ ይከተላል።

እኔን ይበልጥ የያዘኝ ግን ስለ አባልነት ማኅበራት የሚያወሳው ክፍል ነው። ከሂውሌት ፓካርድ መሥራቾች አንዱ የሆኑት ዴቪድ ፓካርድና ባልደረቦቻቸው በ1943 ያቋቋሙት የምዕራብ ጠረፍ ኤሌክትሮኒክስ አምራቾች ማኅበር የተነሣው ከመከላከያ ኮንትራት ድርሻ ለማግኘት ነበር። ኋላ ግን ለትንንሽ ኩባንያ ኃላፊዎች ስለ አስተዳደር፣ ስለ ሽያጭና ስለ ኤክስፖርት ሥልጠና የሚሰጥ መድረክ ሆነ፤ በአንድ ገበያ የሚሻሙ ሰዎች እዚያ ተገናኝተው ይማማሩ ነበር። በ1977 የተቋቋመው የማሳቹሴትስ ሃይ ቴክኖሎጂ ካውንስል ዋና ትግል ደግሞ ግብር ማስቀነስ ነበር፤ የንብረት ግብርን በ2.5 በመቶ የገደበውን የ1980 ሕዝበ ውሳኔም ደግፏል። አንዱ ማኅበር አባላቱን ያስተምራል፣ ሌላው ስለ አባላቱ ይከራከራል። መጽሐፉ ይህን ልዩነት ማየቱ ትልቅ ብቃቱ ነው።

ቅሬታዬም እዚሁ ይጀምራል። ለክርክሩ ምሰሶ የሆኑት ማኅበራት የተሰጣቸው ገጽ ጥቂት ነው። ሥልጠናው እንዴት ይካሄድ እንደነበር፣ ተፎካካሪ ፊት ምን እንደሚነገርና ምን እንደሚደበቅ ማየት የሚሻ አንባቢ ሳይጠግብ ይነሣል። በመገጣጠሚያ ክፍል የሚሠሩ ሠራተኞች ድምፅም ከኃላፊዎቹ ድምፅ ጋር ሲመዛዘን እጅግ አነስተኛ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ጉድለት የሕግ ጉዳይ ነው። ሠራተኛ ወደ ተፎካካሪ እንዳይሄድ የሚያስር ውል በካሊፎርኒያ አይጸናም፤ በማሳቹሴትስ ግን ይጸና ነበር። ሳክሰኒያን በዋናነት ለባህል የሰጡት የባለሙያዎች ዝውውር ሥሩ ሕግ ውስጥ እንደሚገኝ የሕግ ምሁሩ ሮናልድ ጊልሰን በ1999 ተከራክረዋል፤ ሙግታቸውም ያሳምነኛል። የቦስተን አካባቢ በኋላ በባዮቴክኖሎጂ ማንሰራራቱም ስለ ሩት 128 የተሰጠው ፍርድ ለዘለቄታው እንደማይሠራ ያሳያል፤ በ1994 የወጣን መጽሐፍ ይህን አላየህም ብሎ መውቀስ ግን ፍትሐዊ አይሆንም።

እነዚህ ጉድለቶች ማብራሪያውን ያጠብቡታል እንጂ አያፈርሱትም። የቴክኖሎጂ ማኅበር ለማቋቋም የምታስቡ አንባቢዎች መተዳደሪያ ደንባችሁን ከማርቀቃችሁ በፊት ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ምዕራፍ ጎን ለጎን አንብቡ።