ቴአትር በሰባተኛና በስምንተኛ ክፍል

ቴአትር ለትምህርት ቤቶቻችን እንግዳ አይደለም። ከ1928 ዓ.ም. የጣልያን ወረራ በፊት ዮፍታሔ ንጉሤ በቅዱስ ጊዮርጊስ፥ መላኩ በጎሰው በዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ተማሪዎችን ቴአትር ያሠሩ ነበር። ዛሬም የክዋኔና የዕይታ ጥበባት የሚባል ትምህርት ለመካከለኛው ደረጃ ይሰጣል፤ ይህ የሚመሰገን ነው። የምንነቅፈው አሰጣጡን ነው።

ባየናቸው ክፍሎች ልጁ የገጸ ባሕርይንና የቃለ ተውኔትን ፍች ከሰሌዳ ገልብጦ በፈተና ይመልሳል፤ ቆሞ ግን አይናገርም። የወላጆች በዓል ሲደርስ መምህሩ ድምፀ ጎላዎቹን አራት አምስት ልጆች መርጦ ስካርን ወይም ስንፍናን የሚገሥጽ ጽሑፍ ያስጠናቸዋል። የቀሩት ወንበር ተሸካሚዎች ናቸው። የዐሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ድምፁ የሚጎረንንበት፥ በሰው ፊት መቆም የሚያሳፍርበት ዕድሜ ላይ ነው። ቴአትር የሚያስፈልገውም ለዚህ ለሚያፍረው ነው እንጂ ዱሮውንም ለማያፍረው አይደለም።

ክፍሉን በአምስት በአምስት ከፍሎ ለየቡድኑ አንድ ተረት መስጠት የሚሻል ይመስለናል። የጅብና የአህያ ተረት ይበቃል፤ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያምም የመጀመሪያውን የአማርኛ ቴአትር የሠሩት ከአውሬ ተረት ነው። ንግግሩን ልጆቹ ራሳቸው ይፍጠሩት፤ ዛሬ ጅብ የሆነው ነገ አህያ ይሁን። መጋረጃ አያሻም፤ ዴስኮቹን ወደ ግድግዳ መግፋት ብቻ ነው። ጫጫታ ይኖራል፥ ዳይሬክተሩም ይቆጡ ይሆናል። ማርኩም በልምምዱ ይሰጥ እንጂ በበዓሉ ጭብጨባ አይለካ።