ቴርሞሜትሩ አልተበላሸም

ውሃ በስንት ዲግሪ ይፈላል? ብዬ ብጠይቃችሁ አብዛኞቻችሁ ሳታስቡ «በ100!» ትሉኛላችሁ። እኔም እንዲሁ ነበርኩ። ሰባተኛ ክፍል ሳለን፣ አዲስ አበባ ውስጥ፣ ይህንኑ ለማረጋገጥ ክፍል ውስጥ ውሃ ጣድን። ውሃው ተንተከተከ፤ ቴርሞሜትሩ ግን 92 አካባቢ ደርሶ ቆመ። ጠበቅን። ንቅንቅ አላለም። መምህራችን «ቴርሞሜትሩ ተበላሽቷል፤ 100 ብላችሁ ጻፉ» አሉን። ጻፍን። ሁላችንም ሙሉ ማርክ አገኘን።

ዛሬ የምተቸው እኚያን መምህር አይደለም፤ ሙከራውን ነው። ያየውን የጻፈ ልጅ ተሳሳተ የሚባልበት፣ ያላየውን የጻፈ ልጅ ደግሞ ሙሉ ማርክ የሚያገኝበት ሙከራ አንድ ነገር ጎድሎታል ማለት ነው።

መጀመሪያ ፊዚክሱን እንይ። ውሃ ሲፈላ በውስጡ የእንፋሎት አረፋዎች ይፈጠራሉ። እነዚህ አረፋዎች ሳይጨፈለቁ እንዲያድጉ፣ የውስጣቸው ግፊት ከላይ የሚጫናቸውን የአየር ግፊት መቋቋም አለበት። ውሃው በሞቀ ቁጥር የእንፋሎቱ ግፊት ይጨምራል፤ ከአየሩ ግፊት ጋር ሲስተካከል ውሃው ይፈላል። እንግዲህ የአየሩ ግፊት ዝቅ ያለ ከሆነ፣ ውሃው ለመፍላት ያን ያህል መሞቅ አያስፈልገውም።

በባሕር ጠለል ላይ የአየር ግፊት 101 ኪሎ ፓስካል ገደማ ነው። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,350 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ከላያችን ያለው አየር ስለሚያንስ ግፊቱ ወደ 76 ኪሎ ፓስካል ይወርዳል። በዚህ ግፊት ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው። የኛ ቴርሞሜትር ልክ ነበር ማለት ነው!

ለራሳችሁ ከተማ ለመገመት ቀላል ስሌት አለ፦ በየ300 ሜትሩ ከፍታ 1 ዲግሪ ያህል ቀንሱ። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር አካባቢ ስለሆነች ወደ 94 ይመጣል። ከ4,500 ሜትር በላይ የሆነው የራስ ዳሽን ጫፍ ላይ 85 አካባቢ ነው። ከባሕር ጠለል በታች ያለው ዳሎል ላይ ደግሞ ከ100 ትንሽ ከፍ ይላል።

የሚገርመው፣ መለኪያው በስሙ የሚጠራለት ስዊድናዊው አንደርስ ሴልሺየስ ራሱ ይህን ያውቅ ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1742 መለኪያውን ሲያቀርብ፣ የውሃ ነጥበ ፍሌት ከአየር ግፊት ጋር እንደሚለዋወጥ አብሮ ገልጿል። እኛ ጋ ሲደርስ ቁጥሩ ቀረ፤ ማስጠንቀቂያው ግን መንገድ ላይ ጠፋ።

አሁን ሰበቦቹን እንያቸው። አንዱ «ውሃው ንጹሕ ስላልሆነ ነው» የሚለው ነው። ይህ አቅጣጫውን ስቷል። ውሃ ውስጥ የሟሟ ጨው ነጥበ ፍሌትን ከፍ ያደርጋል እንጂ ዝቅ አያደርግም። ደግሞም በአንድ ሊትር ውሃ ወደ 58 ግራም ጨው ጨምራችሁ የምታገኙት ለውጥ 1 ዲግሪ ብቻ ነው። ከ100 ወደ 92 የሚያወርድ ነገር እዚህ የለም።

ሁለተኛው «ቴርሞሜትሩ ተበላሽቷል» ነው። እሺ፣ ሊሆን ይችላል። ግን ይህን እኮ መፈተሽ ይቻላል። ቴርሞሜትሩን እየቀለጠ ባለ በረዶ ውስጥ ንከሩት። የበረዶ ነጥበ ቅልጠት በከፍታ ምክንያት የሚለወጠው እጅግ በትንሹ ስለሆነ አዲስ አበባም ሆነ ጅቡቲ 0 አካባቢ ማንበብ አለበት። ከዚያ ሁለት ሦስት ሌሎች ቴርሞሜትሮችን በዚያው የፈላ ውሃ ሞክሩ። ሁሉም 92 ካሉ፣ ሁሉም በአንድ ቀን ተበላሹ ልንል ነው?

«ልጆች ናቸው፤ ግፊት ምናምን ብንላቸው ግራ ይጋባሉ» የሚሉ አሉ። ማቅለል መጥፎ ነገር አይደለም። ነገር ግን «በባሕር ጠለል ላይ» የሚሉ ሦስት ቃላት መጨመር ማንንም አያደናግርም። ልጆቹ እኮ ነገሩን ከቤታቸው ያውቁታል፦ ባቄላና ሽምብራ ደጋ ላይ ለመብሰል ጊዜ ይፈጃል፤ ክዳኑ የሚቆለፈው ድስት ግን ቶሎ ያበስላል። ለምን? እንፋሎቱ ታፍኖ ግፊቱ ስለሚጨምር ውሃው ከ100 በላይ እስኪሞቅ ድረስ አይፈላም። ይልቅ ልጅን ግራ የሚያጋባው በዓይኑ 92 እያየ 100 ጻፍ መባሉ ነው።

ሙከራው መልካም ጎንም አለው። ውሃው አንዴ ከፈላ በኋላ እሳቱን ብትጨምሩም ሙቀቱ አይጨምርም። ተጨማሪው ኃይል ውሃውን ወደ እንፋሎት ለመቀየር ይውላል። የዚህ ሙከራ ትልቁ ግኝት ይሄ ነው፤ ግን ሁላችንም 100ን ፍለጋ ላይ ስለነበርን ሳናየው አለፍን።

እኔ ብሆን ሙከራውን አልሰርዘውም፤ አስተካክለዋለሁ። ከመምህራችሁ ጋር ሆናችሁ ሙቀቱን በየደቂቃው መዝግቡ፣ ግራፍ ሥሩ። የቴርሞሜትሩ ጫፍ የድስቱን ታች እንዳይነካ። ሌላ ከተማ ዘመድ ካላችሁ እዚያም እንዲለኩ ጠይቁና ቁጥሮቹን አወዳድሩ። ከዚያ መርፌ የሌለው አዲስ ሲሪንጅ ውሰዱ፤ ፈልቶ ወደ 50 ዲግሪ የቀዘቀዘ ውሃ ትንሽ ሳቡበት፤ ውስጡ የቀረውን አየር አስወጡና ጫፉን በክዳን ደፍናችሁ መግፊያውን ወደ ኋላ ሳቡ። ውሃው ያለ ምንም እሳት ሲፈላ ታያላችሁ። ግፊቱን ቀነሳችሁለታ!

እኔ ዛሬም ላብራቶሪ ውስጥ ያልጠበቅኩት ቁጥር ሲመጣ መጀመሪያ የሚቀናኝ መሣሪያውን መጠርጠር ነው። ያ ልማድ ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። ለኢንጂነር አደገኛ ልማድ ነው፤ ምክንያቱም አንዳንዴ የተሳሳተው መሣሪያው ሳይሆን የኛ ግምት ነው፣ በተሳሳተ ግምት የተሠራ ነገር ደግሞ ይፈርሳል።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ 92 ካነበባችሁ፣ 92 ብላችሁ ጻፉ። ከጎኑም «ለምን?» ብላችሁ ጨምሩበት።