ለዐይን ብቻ የተተወ ጥበብ፤ ባሕር ዳር ለጐብኚ ስለምታሳያቸው ቅርሶች የቀረበ አስተያየት

አንድ ከተማ ለእንግዳ የሚያሳየው ነገር ሲበዛ፥ እንዴት እንደሚያሳየው የሚያስብበት ጊዜ ያንሰዋል። ባሕር ዳርም ከዚህ ነቀፋ ነፃ አይደለችም። ዐባይ ከጣና ወጥቶ ጉዞውን የሚጀምርባት ይህች ከተማ፥ በሐይቁ ደሴቶችና በዘጌ ባሕረ ገብ መሬት ላይ ያሉትን ገዳማት፥ ከደንገል የሚሠራውን ታንኳ፥ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘውንም የጢስ ዐባይን ፏፏቴ ይዛ ሳለ፥ ለጐብኚ የምትሰጠውን አላጣችም። ጥያቄው ስለ ሀብቱ ብዛት ሳይሆን ስለ አቀራረቡ ነው። አስተያየታችንም በአጭሩ ይህ ነው፤ ባሕር ዳር ጥበቧን ታሳያለች እንጂ አታስነብብም።

ለዚህ ምስክር ይሆን ዘንድ ከዘጌ ገዳማት አንዱን፥ ዑራ ኪዳነ ምሕረትን እንውሰድ። ቤተ ክርስቲያኑ ክብ ነው፤ በመካከሉ ያለው መቅደስ ግን አራት ማዕዘን ሆኖ ግድግዳው በሥዕል ተሸፍኗል። እነዚህ ሥዕሎች ለጌጥ ብቻ የተሣሉ አይደሉም፤ ፊደል ላልቈጠረው ምእመን መጽሐፍ ናቸው። እንደ መጽሐፍም የራሳቸው ሰዋስው አላቸው። ጻድቃን ፊታቸውን ወደ ተመልካቹ አዙረው በሁለት ዐይን ይሣላሉ፤ ክፉዎች ግን ጐናቸውን ሰጥተው በአንድ ዐይን ብቻ ይታያሉ። ይህን አንድ ሕግ ያወቀ ሰው ከየት አገርም ቢመጣ፥ በግድግዳው ላይ ከተሰበሰበው ሕዝብ መካከል ማን ከማን ወገን እንደ ሆነ ራሱ ለመለየት ይችላል።

ከሥዕሎቹም መካከል የበላዔ ሰብእ ታሪክ ይገኛል። ታሪኩ እንደሚለው ይህ ሰው ሰባ ስምንት ነፍስ በልቷል፤ በመጨረሻ ግን አንድ በውሃ ጥም የተቃጠለ ድኃ በእመቤታችን ስም ቢለምነው ጥርኝ ውሃ ሰጠው። በፍርድ ቀንም ኃጢአቱና ጥርኙ ውሃ በሚዛን ተደረጉ፤ እመቤታችንም ጥላዋን በውሃው ላይ ብታሳርፍ ውሃው መዘነ። የኪዳነ ምሕረት ትርጕም ሁሉ በዚህ ሚዛን ላይ ተንጠልጥሏል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ታዲያ ጐብኚው ከዚህ ምን ይዞ ይመለሳል? በሞተር ጀልባ መጥቶ፥ በጥድፊያ ዞሮ፥ ፎቶግራፍ አንሥቶ ይሄዳል። የሚነገረው የስም ዝርዝር ነው፤ ይህ ቅዱስ ጊዮርጊስ ነው፥ ይህ ሰው በላው ነው ይባላል። ሰባ ስምንቱ ይነገራል፤ ጥርኙ ውሃ ይቀራል። እንግዳውም አስደናቂ አውሬ አየሁ ብሎ ይሄዳል እንጂ፥ ስለ ምሕረት የተሣለ ሥዕል አየሁ አይልም።

ከገዳሙ ወደ ጀልባው በሚወስደው መንገድ ዳር በብራና የሚሸጡት ሥዕሎችም የዚሁ ውጤት ናቸው። የመልአክ ፊት ብቻውን ከታሪኩ ተነጥሎ፥ ዐይኑ ጐላ ብሎ ይሣላል። ሠዓሊውን አንወቅስም፤ ገበያው የጠየቀውን ይሠራልና። ሆኖም ገዢው የሚገዛውን ሳያውቅ ሲቀር፥ የሚሠራውም የሚሠራውን ወደ መርሳት መድረሱ አይቀርም። ሥዕል ከትረካው የተለየ እንደ ሆነ ቀለም ብቻ ይሆናል።

የታንኳውም ዕድል ከዚህ የተሻለ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1969 ቶር ሄየርዳል የተባለው የኖርዌይ ተጓዥ በደንገል ጀልባ አትላንቲክን ለመሻገር ባሰበ ጊዜ፥ በግብጽ ለተሠራችው ራ ለተባለችው ጀልባ ደንገሉ የተወሰደው ከጣና ነበር። ይህን የሚናገር ሰው በሐይቁ ዳር እምብዛም አይገኝም። ታንኳው ለፎቶግራፍ ማጀቢያ ሆኗል፤ ወይም በእጅ የሚያዝ ትንሽ መጫወቻ ሆኖ ይሸጣል። ደንገሉ እንዴት እንደሚደርቅና እንዴት እንደሚታሰር፥ ለምንስ ውሃ ጠጥቶ ቶሎ እንደሚያረጅ ግን እንግዳው ሳይሰማ ይመለሳል። ጢስ ዐባይም እንዲሁ ነው። በበጋ የሄደ ጐብኚ ውሃው ቀጥኖ ሲያገኘው ያዝናል፤ ውሃው ለኤሌክትሪክ ኃይል እንደ ዋለ፥ በተለይም ከ2002 ዓ.ም. ወዲህ የጣና ውሃ በዋሻ ወደ በለስ መላኩን የሚነግረው ቢያገኝ ግን፥ ኀዘኑ ወደ ማስተዋል በተለወጠ ነበር።

በዚህ ላይ የሚነሣ መቃወሚያ እንዳለ እናውቃለን። ገዳም የጸሎት ቤት ነው፤ ሙዚየም አይደለም፤ መነኮሳቱም ለጐብኚ መምህር ይሆኑ ዘንድ አልመነኰሱም ይባላል። እውነት ነው። ደግሞም ክብራን ገብርኤልንና ዳጋ እስጢፋኖስን የመሳሰሉት ገዳማት ሴቶችን አያስገቡም። ነገር ግን የማስተማሩ ሸክም የከተማው ሊሆን የሚገባው ስለዚሁ ነው። እንግዳው ወደ ጀልባ ከመግባቱ በፊት የሥዕሉን ሰዋስው የሚማርበት፥ ወደ ደሴቱ ለመግባት የማይፈቀድላትም ሴት የሥዕሉን ግልባጭ አይታ ትርጕሙን የምትሰማበት፥ ሠዓሊና ታንኳ ሠሪ በሰው ፊት የሚሠሩበት አንድ አዳራሽ ቢኖር፥ ገዳሙም ፀጥታውን፥ ጐብኚውም ዕውቀትን ባገኙ ነበር።

ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ በተነሣው ግጭት የእንግዳው ቍጥር ቢቀንስና ብዙ ጀልባ ነጂና አስጐብኚ እንጀራው ቢጐድልበት፥ ይህ ሁሉ ለጊዜው የማያስፈልግ አሳብ ነው የሚል አይጠፋም። እኛ ግን ተቃራኒውን እናስባለን። አንድ ቀን በዚያው በመቅደሱ ግድግዳ ፊት አንድ ተማሪ ወደ በላዔ ሰብእ እያመለከተ፥ «ይህ ሰውዬ ማን ነው?» ብሎ ጓደኛውን ሲጠይቅ ሰምተናል። ጓደኛውም አላወቀም። ሁለቱም ያገሩ ልጆች ነበሩ። እንግዲህ ጕዳዩ የቱሪስት ገንዘብ ብቻ አለመሆኑ ከዚህ ይታወቃል። ለባዕድ ማስረዳት ያቃተን፥ ለራሳችን ልጅ ማስረዳትን ስለ ተውን ነው።

ስለዚህ መምህራን ሆይ፥ እንግዳው እስኪመለስ አንጠብቅ። ተማሪዎቻችንን ይዘን በዚያ ግድግዳ ፊት እንቁም፤ ከሰባ ስምንቱም ይልቅ የጥርኙን ውሃ ነገር አስቀድመን እንንገራቸው።